ስድስት ቁጥሮች ለአንድ ጅራታም ኮከብ

የጅራታም ኮከብ ምህዋር የሚጀምረው ከአንድ መስመር ጽሑፍ ነው። መስመሩ ሰማንያ ቦታ አለው፤ አንድም አይጨመርበትም። ልኩ የመጣው በቀዳዳ ካርድ ይሠሩ ከነበሩት የድሮ ኮምፒውተሮች ነው፤ ካርዶቹ ከቀሩ ብዙ ዘመን ቢሆናቸውም የሥነ ፈለክ ሰዎች ልኩን ለረጅም ጊዜ ሳይነኩት ሲሠሩበት ኖረዋል። በስተግራ የጅራታሙ ኮከብ መለያ ይሰፍራል። ቀጥሎ ዓመት፣ ወርና ቀን ይመጣል። ሰዓትና ደቂቃ የሚባል የለም፤ ቀኑ ራሱ ከነጥብ በኋላ እስከ አምስት አኃዝ ይከፋፈላል፤ የመጨረሻዋ አኃዝ ከአንድ ሰከንድ ታንሳለች። ከዚያ ነጥቧ ሰማይ ላይ የነበረችበት ቦታ በሁለት ማዕዘን ይጻፋል፣ ድምቀቷ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ቴሌስኮፑ የቆመበትን ስፍራ የሚናገር ባለ ሦስት ፊደል ኮድ አለ። ሥራው በሙሉ ከዚህ ይነሣል።

እኔን የሚገርመኝ መስመሩ ላይ የሌለው ነገር ነው። ርቀት የለም። ፍጥነት የለም። አካሉ ወደ እኛ እየመጣ ይሁን እየሸሸን አይታወቅም። ቴሌስኮፕ አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አይለካም፤ ከጁፒተር ማዶ ያለ አካልና ከጨረቃ ብዙም ያልራቀ አካል ፎቶው ላይ እኩል ነጥብ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ጥቂት መስመሮችን ደርድሮ፣ ያ አካል ከሃያ ወር በኋላ በየትኛው ቀን ከፀሐይ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደሚያልፍ መናገር፣ በእኔ ሚዛን የሰው ልጅ በቁጥር ከሠራቸው ሥራዎች እጅግ ከሚያምሩት አንዱ ነው።

ምሳሌው ከእኛ በዓል ጋር ገጥሟል። በ2017 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ደመራዋን አብርታ ባደረች ማግስት፣ ሲ/2023 ኤ3 የሚል መለያ ያለው ጅራታም ኮከብ ለፀሐይ እጅግ የሚቀርብበትን ነጥብ አለፈ። ርቀቱ 58 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር፤ ማለትም ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት ከአምስት እጅ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። በዚያ ሰዓት በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። በዚህ ፍጥነት የመድረሻውን ሰዓት በአንድ ቀን የሳተ ሰው ኮከቡን ወደ 6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ያለቦታው ያስቀምጠዋል።

አሁን ወደ መነሻው እንመለስ። ጥር 1 ቀን 2015 ዓ.ም. የቻይናው ፐርፕል ማውንቴን ኦብዘርቫቶሪ (በቻይንኛው ዚጂንሻን፣ በድሮው አጻጻፍ ዙቺንሻን) ፎቶዎች ላይ አንዲት ደካማ ነጥብ ታየች። ተመዘገበች፤ ሌሎች እንዲከታተሏትም ተነገረ። ተከታይ ምልከታ ግን አልተገኘላትም፤ እንደ ጠፋች ተቆጠረች። የካቲት 15 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ላይ የሚገኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ አንድ አዲስ አካል አገኘ። አትላስ የተሠራው ምድርን ሊመቱ የሚችሉ አለቶችን ቀድሞ ለማየት ነው፤ ጅራታም ኮከብ የሚያገኘው በመንገዱ ላይ ነው። የደቡብ አፍሪካው አካል ምህዋር በጥቂት ቀናት ምልከታ ተቀምሮ ወደ ኋላ ሲሰላ፣ ጥር 1 ቀን ሌሊት የት መሆን እንደነበረበት ተገኘ። የቻይናዋ የጠፋች ነጥብ እዚያው ነበረች። ፍለጋው ገና ወደ ኋላ ቀጥሎ በካሊፎርኒያ የፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ ታኅሣሥ 13 ቀን ያነሳቸው ፎቶዎች ላይም ኮከቡ ሳይታወቅ ተቀምጦ ተገኘ። ሁለቱም ቡድኖች በስሙ ውስጥ ገቡ፦ ዙቺንሻን–አትላስ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የሙያው ብልሃት የሚታየው እዚህ ነው። ሦስት ቴሌስኮፖች በሦስት አህጉር፣ በተለያዩ ሌሊቶች፣ ስለ አንድ ነገር ሳይነጋገሩ ሦስት የተለያዩ ነጥቦችን መዝግበዋል። ነጥቦቹ አንድ መሆናቸውን የሚመሰክር ምንም ምልክት ፎቶዎቹ ላይ የለም። ምስክሩ ሒሳቡ ብቻ ነው፦ አንዱ ምህዋር ሦስቱንም ያለጉልበት ሲያልፍባቸው። የካቲት 21 ቀን ግኝቱ ሲታወጅ ኮከቡ ከፀሐይ ከአንድ ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከጁፒተር ምህዋር ውጭ ነበር። ያኔ ወዲያው የወጣው ስሌት ለፀሐይ የሚቀርብበትን ጊዜ በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ አስቀምጦት ነበር፤ ከእውነተኛው ዕለት የነበረው ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ነው።

ይህን የሚያስችለው የመለኪያው ጥራት ነው። የነጥቧ ቦታ የሚለካው በዲግሪ ሰከንድ ነው፤ አንድ ዲግሪ 3,600 እንዲህ ያሉ ሰከንዶች አሉት። አዲስ አበባ አብነት አደባባይ ቆመን፣ ቦሌ መንገድ ላይ ወሎ ሰፈር አካባቢ አንድ ሰው ባለ አንድ ብር ሳንቲም በጣቱ ይዞ ቢያሳየን፣ የሳንቲሟ ስፋት ለእኛ አንድ የዲግሪ ሰከንድ ያህል ነው። ጥሩ ተመልካች የጅራታሙን ኮከብ ቦታ ከዚያች ሳንቲም ስፋት ባነሰ ስሕተት ይናገራል። የሚለካውም ፎቶው ላይ በዙሪያው ከሚታዩት ከዋክብት አንጻር ነው፤ የእነዚያን ከዋክብት ቦታ ደግሞ ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከዚህም በብዙ ሺህ እጥፍ አጥርታ ለክታዋለች።

ጅራታም ኮከብ ግን እንደ ተራ ኮከብ ጥርት ያለ ነጥብ አይደለም። ምህዋሩን የሚከተለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶና የአቧራ ጠጣር አካል ሲሆን፣ እኛ የምናየው በዙሪያው የተነፋውን ጭጋግ ነው። ጭጋጉ ወደ ጅራቱ አቅጣጫ ስለሚሳብ የብርሃኑ መካከል የአካሉ መካከል አይሆንም። ያልተጠነቀቀ ለኪ የጭጋጉን ሁሉ መካከል ይወስድና ቦታውን በየሌሊቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድለዋል። ስሕተቱ እንዲያ በአንድ አቅጣጫ ከተደጋገመ አማካይ መውሰድ አያድነውም። ልምድ ያለው ሰው የመለኪያውን ክብ አጥብቦ እጅግ ብሩህ በሆነው እምብርት ላይ ብቻ ያሳርፈዋል። ይህን የሚያደርጉት በደመወዝ የተቀጠሩ የሥነ ፈለክ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ በጓሯቸው በተከሉት ቴሌስኮፕ ለዓመታት ሲለኩ የኖሩ አፍቃሪዎችም ናቸው፤ ከመካከላቸው ልኬታቸው ከትልልቅ ተቋማት የማያንስ አሉ። ማንም ሰው በማያየው ክብ ስፋት ላይ እንዲህ መጨነቅ እውነተኛ ባለሙያን ያሳያል።

ነጥቦቹ ተለክተዋል እንበል። ከነጥብ ወደ ምህዋር እንዴት ይኬዳል? አንድ ምህዋር ስድስት ቁጥሮች ይፈልጋል። አንዱ ኮከቡ ለፀሐይ የሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ ሌላው በዚያን ጊዜ ያለው ርቀት፤ ሌላው የመንገዱ ቅርጽ፤ ቀሪዎቹ ሦስቱ መንገዱ ሕዋ ውስጥ እንዴት አዘንብሎና ወዴት ዞሮ እንደተቀመጠ የሚናገሩ ማዕዘኖች ናቸው። አንድ ምልከታ ሁለት ቁጥር ስለሚሰጥ ሦስት ምልከታ ስድስት ይሰጣል፤ በቁጥር ደረጃ ይበቃል። ሥራው ግን ቁጥሩን ማሟላት ብቻ ስላልሆነ ታላላቅ ጭንቅላቶችን አድክሟል። አይዛክ ኒውተን በ1680 እ.ኤ.አ. የታየውን ታላቅ ጅራታም ኮከብ መንገድ የፈታው በሥዕል፣ በመስመርና በብዙ ድካም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከመጡት መንገዶች ሁሉ ልቤን የሚወስደው የሃይንሪሽ ኦልበርስ ነው። ኦልበርስ የብሬመን ሐኪም ነበር፤ ቀን በሽተኞቹን ያክማል፣ ሌሊት ቤቱ ፎቅ ላይ ሆኖ ሰማይ ይመለከታል። መንገዱን ያሳተመው በ1797 እ.ኤ.አ. ነው። ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማንኛውንም ዓይነት ምህዋር የሚፈታ ከዚያ የሰፋ ዘዴ ሠራ፤ ጠፍታ የነበረችውን ንኡስ ፕላኔት ሴሬስን በ1801 መጨረሻ ያስገኘውም እሱ ነው። ለስፋትና ለጥልቀት ጋውስ ይበልጣል። ለውበት ግን እኔ ኦልበርስን እመርጣለሁ፤ ለአንድ ችግር የሚበቃውን ያህል ብቻ ስለሚጠቀም።

ዘዴውን በእርጋታ እንከተለው። ሦስት ሌሊት አለን። በእያንዳንዱ ሌሊት ምድር በተለያየ ቦታ ላይ ናት፤ ከእያንዳንዱ ቦታ ወደ ጅራታሙ ኮከብ የሚሄድ አንድ ቀጥ ያለ የእይታ መስመር አለ። ኮከቡ በየመስመሩ ላይ የሆነ ቦታ አለ፤ የት እንደሆነ ግን አናውቅም። ሁለት ነገር ብቻ እናውቃለን። የኮከቡ መንገድ ከፀሐይ ጋር በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋል፤ ከፀሐይ ወደ ኮከቡ የሚሳበው መስመርም ኬፕለር እንዳስተማረው በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል። ኦልበርስ ከዚህ ተነሣ። የሌሊቶቹ ልዩነት አጭር ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ቦታ እስከ ሦስተኛው የሚሳበውን ቀጥተኛ መስመር የመካከለኛው ሌሊት የፀሐይ መስመር የሚቆርጠው በጊዜው ልክ ነው ሊባል ይችላል። የምድርንም መንገድ እንዲሁ። ከዚህ አንዲት ጥምርታ ትወጣለች፤ የመጀመሪያውን ርቀት ሳናውቅ፣ ሦስተኛውንም ሳናውቅ፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሆነ ትነግረናለች። እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይደንቀኛል፤ ሁለት የማይታወቁ ነገሮች ሳይታወቁ ተያይዘው አንድ ሆኑ።

የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ርቀት ገምት። ሦስተኛው ይከተላል። ስለዚህ ኮከቡ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሌሊት ሕዋ ውስጥ የነበረበት ቦታ ይታወቃል፣ ከፀሐይ ያለው ርቀትና በሁለቱ መካከል ያለውም ርቀት ይታወቃል። ሌዎንሃርት ኦይለር ቀደም ብሎ እነዚህን ሦስት ርዝመቶች ከጉዞው ጊዜ ጋር የሚያገናኝ ቀመር አግኝቶ ነበር፤ መንገዱ ፓራቦላ ከሆነ ይሠራል። ቀመሩ፣ በዚህ ግምት ጉዞው ስንት ቀን መውሰድ እንደነበረበት ይናገራል። ከእውነተኛው ቀን ጋር ታነጻጽረዋለህ። በዛ? ግምቱን ቀንስ። አነሰ? ጨምር። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሰህ ቀኑ ሲገጥም ምህዋሩ በእጅህ ገብቷል። ኦልበርስ በላባ ብዕርና በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ፣ በአንድ ሌሊት ውስጥ ሊጨርሰው የሚችል ሥራ አደረገው። ከእሱ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ የመጡ ቀማሪዎች ከዚህ መንገድ ብዙም አልወጡም።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ አንባቢ ይህን ዓይነት ሥራ ከሩቅ አያየውም። የ2017ን በዓላት የሚያወጣ መምህር ዓመተ ዓለሙን 7517 ለ19 ያካፍላል፤ ቀሪው 12 ነው፤ አንዱን ሲቀንስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 1። 11 በ19 ተባዝቶ፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 29። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም 29 ላይ ያርፋል፤ ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ የረቡዕ ተውሳክ 4፤ ድምሩ 33፤ በ30 ሲገደፍ 3። የነነዌ ጾም የካቲት 3 ገባ፤ የገባውም ሰኞ ነው። እዚህ ላይ አንድም ጥርጥር የለም፤ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው፤ ስሕተት ከሆነ ደግሞ ጾሙ ሰኞ አይውልምና ራሱን ያጋልጣል። የጅራታም ኮከብ ቀማሪ ይህ ዕረፍት የለውም። ምልከታው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ስሕተት ይዟል፤ መልሱም ስሕተቱን ይዞ ይወጣል። ጥሩ ቀማሪ ስለዚህ ሁለት ነገር ያቀርባል፦ ቁጥሩንና ቁጥሩ እስከየት እንደሚታመን።

ሁለተኛውን ለማግኘት ብዙ ጥቃቅን ዕዳ መክፈል አለበት። ኮከቡ በተገኘበት ጊዜ ብርሃኑ እኛ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ደግሞ ራሱ ከ50,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ስለዚህ ፎቶው ያለውን ሳይሆን የነበረውን ቦታ ያሳያል፤ ይህ ይስተካከላል። ሰዘርላንድ ላይ የቆመ ቴሌስኮፕ የሚያየው ከምድር እምብርት ሆኖ አይደለም፤ ያ ልዩነት በዚያ ርቀት እንኳ አንድ የዲግሪ ሰከንድ ያህል ሊደርስ ይችላል፤ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ የገባው ለዚህ ነው። ጁፒተርና ሌሎቹ ፕላኔቶች ኮከቡን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይስቡታል፤ ይህም ይደመራል። ከዚያ በኋላ ቀማሪው ሦስት ምልከታ ብቻ አይወስድም፤ በሺዎች የሚቆጠሩትን ሁሉ ያስገባል፤ ከሁሉም ጋር በጠቅላላው የሚኖረው ልዩነት ትንሹ እስኪሆን ድረስ ስድስቱን ቁጥሮች ይገፋፋቸዋል።

ሲጨርስ የሚቀረውን ሰንጠረዥ ብዙ ሰው አይመለከተውም፤ እኔ ግን ከሚያማምሩት የጅራት ፎቶዎች ይልቅ እሱን ማየት እወዳለሁ። በእያንዳንዱ ምልከታ አንጻር፣ ስሌቱ ካለውና ተመልካቹ ካየው መካከል የቀረው ልዩነት ተጽፏል፤ 0.3፣ ከዜሮ በታች 0.2፣ 0.5፣ ከዜሮ በታች 0.4። አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ከተበተኑ ምህዋሩ ጤነኛ ነው። አንድ ወር ሙሉ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ ግን አንድ ነገር ተረስቷል፤ አንድ ቴሌስኮፕ ሰዓቱ ዘግይቷል፣ ወይም ኮከቡን ከበረዶው የሚፈናጠረው ጋዝ እንደ ትንሽ ሮኬት እየገፋው ነው። የጋዙን ግፊት ወደ ሒሳቡ የሚያስገባውን ዛሬም የሚሠራበትን ቀመር ብራያን ማርስደን፣ ዝዴንየክ ሴካኒናና ዶናልድ ዮማንስ በ1973 እ.ኤ.አ. አውጥተውታል። ስሕተትን ደብቆ ከማለፍ ይልቅ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሌሎች ማሳየት የዚህ ሙያ የዘወትር ልማድ ነው።

ረጅም ዘመን በሚፈጅባቸው ጅራታም ኮከቦች ላይ ከስድስቱ ቁጥሮች አንዱ ሁልጊዜ ያስቸግራል፦ የቅርጹ ቁጥር። ቁጥሩ ከ1 ካነሰ መንገዱ ሞላላ ነው፣ ኮከቡ ይመለሳል። ልክ 1 ከሆነ ፓራቦላ ነው። ከ1 ከበለጠ አይመለስም። እኛ የምናየው በፀሐይ አጠገብ ያለችውን የመንገዱን ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ጫፍ ላይ ሦስቱ ቅርጾች አይለዩም ማለት ይቻላል። ኤድመንድ ሄሊ የ1680ውን ኮከብ ከጥንት መዛግብት ጋር አመሳክሮ በየ575 ዓመቱ ይመለሳል አለ። ዮሃን ኤንከ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እነዚያኑ የድሮ ምልከታዎች እንደገና ሲቀምር ወደ 8,800 ዓመት ደረሰ። ኮከቡ አንድ ነው፣ ምልከታዎቹም ያው ናቸው፤ በቅርጹ ቁጥር ላይ ያለች እጅግ ትንሽ ልዩነት ግን ስምንት ሺህ ዓመት አመጣች። የዙቺንሻን–አትላስ የቅርጽ ቁጥር ለፀሐይ በቀረበበት ወቅት 1.0001 ገደማ ነበር፤ ይህ ግን የፕላኔቶች ጉተታ ያለበት ቁጥር ነው። ከየት እንደመጣ ለማወቅ ወደ ኋላ፣ ፕላኔቶቹ ገና ሳይነኩት ወደነበረበት ዘመን መቀመር ያስፈልጋል። ሆላንዳዊው ያን ኦርት በ1950 እ.ኤ.አ. እንዲህ ወደ ኋላ የተቀመሩ 19 ምህዋሮችን ይዞ ነው፣ ከፕላኔቶች ሁሉ እጅግ ርቆ ፀሐይን የከበበ የጅራታም ኮከቦች ማከማቻ አለ ብሎ የተናገረው። ያንን ማከማቻ ማንም አላየውም። የታወቀው ከነጥብ በኋላ ካሉ አኃዞች ነው።

ምህዋሩ የሚናገረውንና የማይናገረውን መለየትም ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሐምሌ ላይ፣ ያው ሴካኒና ዙቺንሻን–አትላስ ለፀሐይ ሳይቀርብ ይበታተናል የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ምልክቶቹንም ዘረዘረ። ኮከቡ አልተበታተነም። ድምቀቱ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ግምትም እስከ መጨረሻው ሲዋዥቅ ቆየ። በዚህ ሁሉ መካከል የመንገዱ ቁጥሮች ንቅንቅ አላሉም፤ እየጠሩ ሄዱ እንጂ። በረዶ መቼ እንደሚሰነጠቅ ማንም በእርግጥ አይናገርም፤ አካሉ ከተረፈ ግን የት እንደሚሆን በሰዓትና በደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ኮከቡ ለምድር በጣም ቀረበ፤ 70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች ከአብነት ወደ ጦር ኃይሎችና ወደ ወጨጫ አቅጣጫ ለሚያይ ሰው፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ቬነስ በስተግራ ዝቅ ብላ ስታበራ ኮከቡ ከእሷ በስተቀኝ መፈለግ ነበረበት። የአብነት መብራትና የመኪናው ጢስ ለእንዲህ ያለ ነገር አይመችም፤ በዚያ ላይ ጨረቃዋ እየሞላች ነበር። ቢሆንም ወዴት ማየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ዕድል ነበረው፤ ማወቅ የቻለውም ከሃያ ወር በፊት አንዲት ደካማ ነጥብ በተጠነቀቀ እጅ ስለተለካች ነው።

የእኛም አገር መዝገብ በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቷል። ከ1770 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ይዞ ሄዶ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የአፄ ኢያሱን ዘመን ሲተርክ አንድ ጅራታም ኮከብ ይጠቅሳል፤ የታየውም በኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ሠራዊቱ ለዘመቻ ሊነሣ ሲል ነው። ብሩስ የዜና መዋዕሉን የዘመን አቆጣጠር ለመፈተን ፈለገና፣ ፈረንሳዊው አሌክሳንደር ፒንግሬ ስለ 1689ኙ ጅራታም ኮከብ ከቀመረው ምህዋር ጋር አስተያየው። ኮከቡ ፒንግሬ እንዳለው ለፀሐይ የቀረበው ዲሴምበር 1 ነው። ብሩስ መግጠሙን አይቶ ተደሰተ። የጎንደር ጸሐፊ ለንጉሡ ታሪክ ብሎ የጻፈው መስመር በፓሪስ ከተሠራ ስሌት አጠገብ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ግን ጠንቃቃ ሰው የቀን አቆጣጠሩን እንደገና ይቆጥራል። ኅዳር 12 በዚያ ዘመን በዩልዮስ አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ይውል ነበር፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ግን ኖቬምበር 18 ነው። ፒንግሬ የጻፈው በሁለተኛው ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ኮከቡ ለፀሐይ ሊቀርብ 23 ቀን ሲቀረው በጎንደር ታየ ይላል፤ ያስተካከለ ሰው 13 ቀን ሲቀረው ይላል። ለፀሐይ እጅግ ቀርቦ ለሚያልፍ አካል የአሥር ቀን ልዩነት ከፀሐይ አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የተለያየ ርቀት ላይ ያስቀምጠዋልና ቀላል ነገር አይደለም።

የፒንግሬ መሠረትም ቢሆን ጠንካራ አልነበረም። ኮከቡ ወደ ደቡብ ሰማይ ያዘነበለ ስለነበር በአውሮፓ ላሉ ተመልካቾች አልተመቸም፤ ስሌቱ የቆመው በእስያ በነበሩ የኢየሱሳውያን ካህናት ጥቂት ምልከታዎች ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ ዣን ሪሾ ነው፤ በዲሴምበር 1689 ከህንድ ፖንዲቼሪ ይህንኑ ጅራታም ኮከብ ሲከታተል ቴሌስኮፑ በመንገዱ ላይ የነበረውን አልፋ ሴንታውሪን ለሁለት ከፍሎ አሳየውና፣ ድርብ ኮከብ መሆኑን የመጀመሪያው አወቀ። ሪሾ ለጎረቤት ኮከቦች ዓይን የነበረው ሰው ነው፤ የእሱና የባልደረቦቹ የቦታ ልኬት ግን ሻካራ ስለነበር ኋላ የመጡ ቀማሪዎች የ1689ኙን ምህዋር ደጋግመው ቢሠሩትም ከፒንግሬ የተለየ መልስ ላይ ደርሰዋል፤ እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም።

የጎንደሩ መስመር እዚህ ላይ ገና ሥራ አለው። ኮከቡ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደቆመ፣ ከንጋት በፊት ይሁን ከምሽት በኋላ ብሩስ ባስተላለፈልን ታሪክ ላይ ስላልሰፈረ ምህዋር አይወጣለትም። ለመፈተኛ ግን ይበቃል። ለ1689ኙ ኮከብ ምህዋር የሚያቀርብ ሁሉ ስድስቱን ቁጥሮች ይዞ ወደ ኅዳር 12 ቀን 1682 ዓ.ም. አካባቢ ሌሊቶች ይመለስ፤ ኮከቡን በጎንደር ኬክሮስ ከአድማስ በላይ፣ ከፀሐይም በቂ ርቀት ላይ ማግኘት አለበት። ከአድማስ በታች ካገኘው ወይ ምህዋሩ ስቷል፣ ወይ ዜና መዋዕሉ የሚናገረው ስለ ሌላ ጅራታም ኮከብ ነው።